ኮርሳው ከጅረት ዳር ለምን ይውጣ?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ፔዳል መርገጥ ከጀመሩ ብዙ ዓመት የሆናቸው ሰው ናቸው፤ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። በፓርክ ውስጥና በጅረት ዳር የተነጠፈው ጠባብ አስፋልት ለእግረኛ፣ ለሕፃናትና ውሻ ለሚያናፍስ ሰው ይተው። ኮርሳ፣ ማለትም ቀጭን ጎማ ያለው የእሽቅድምድም ብስክሌት፣ ያለው ግን ዋናውን መንገድ ይያዝ። ለዚህም ስድስት ምክንያት ደርድረዋል። በሁለቱ ላይ እውነት አላቸው፤ ሦስቱን አልቀበልም። አንዱ ደግሞ አስቆኛል፤ እሱን ወደ ኋላ አቆየዋለሁ።

የምጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ ቶሎ ስለሚያልቅ።

«ዋናው መንገድ ይሻላል፤ ሹፌር ቢያንስ መንጃ ፈቃድ አለው፣ ሕግ ያውቃል» ይላሉ። መልካም። ፈቃዱ ግን መኪናውን አያቀለውም። 1,400 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የተሸከመው ጉልበት፣ እኔ ከነብስክሌቴ 85 ኪሎ ሆኜ በሰዓት 20 ስሄድ ከምሸከመው መቶ እጥፍ ያህል ነው። ሕግ አዋቂው ሹፌር ለአንዲት ሰከንድ ስልኩን ቢያይ ዋጋውን የምከፍለው እኔ ነኝ። ጀማሪን፣ ልጅን ወይም ከጉዳት ተነስቶ እንደገና ፔዳል የሚለማመድን ሰው እዚያ መሀል ላኩት ማለት ለእኔ ምክር አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ግን ሳልሸሽ ማመን ያለብኝ ነገር አለ። ሹፌሩ ዋናው መንገድ ላይ ለእኔ የሆነውን፣ እኔም ጅረት ዳር ለእግረኛው ያንኑ ነኝ። ከባዱና ፈጣኑ እኔ ነኝ። የጸሐፊው የመጀመሪያ ነጥብም እዚሁ ላይ ነው የሚያርፈው።

«ኮርሳ ለፍጥነት የተሠራ ነው። ፍጥነት ባለበት አደጋ አለ። ስለዚህ ኮርሳ ይውጣ።» ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ልክ ናቸው፤ ሦስተኛው ግን ከሁለቱ አይወጣም። የሚፈጥነው ሰውየው ነው። እኔ ራሴ ፈጥኜ አውቃለሁ።

አንድ ቀን በሸምበቆ የተሸፈነች መታጠፊያ ላይ ደረስኩ። ዓይኔ መሪው ላይ ያሰርኳት የፍጥነት መለኪያ ላይ ነበር። 27 ትላለች። 28 ላደርጋት ስታገል ቀና ብል አንዲት ሕፃን መንገዱ መሀል ጎንበስ ብላ ኳስ ታነሳለች። ፍሬኑን በሁለት እጄ ጨበጥኩት። የኋላው ጎማ ተንሸራተተ፣ እኔም ሣሩ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ማንም አልተነካም። አባትየው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ዝም ብሎ ብቻ አየኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታየው የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁት። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ ከስምንት ሜትር በላይ ነው። ነገሩን አይቼ፣ ገብቶኝ፣ ጣቴ ፍሬኑን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅብኝ 12 ሜትር ተኩል ሄጃለሁ። ገና ፍሬን አልያዝኩም። ከዚያ በደረቅ አስፋልት፣ በደህና ፍሬን፣ ለመቆም ሌላ 9 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። በድምሩ 21 ሜትር ተኩል ገደማ። በ20 ብሄድ ድምሩ 12 ሜትር ነው። በ15 ደግሞ 8 ብቻ። ያቺ መታጠፊያ ከ15 ሜትር በላይ አታሳይም። እንግዲህ በ27 እየበረርኩ የምገባባት፣ ወዲያ ማንም አይኖርም ብዬ በዕድሌ ተማምኜ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ልክ ቀላል ነው። በሚታየኝ ርቀት ግማሽ ውስጥ መቆም መቻል አለብኝ። ግማሽ ያልኩት ያለምክንያት አይደለም፤ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ከወዲያ በኩልም እንደኔ የሚመጣ አለ። ቀሪውን ግማሽ እሱ ይፈልገዋል።

«ታዲያ ቀስ ካልክ ኮርሳው ለምን?» ይላሉ ጸሐፊው። እስቲ የጠፋውን ጊዜ እንቁጠረው። ከ30 ኪሎ ሜትር ጉዞ ውስጥ ሰው የሚበዛበት ሁለት ኪሎ ሜትር ነው እንበል፤ መጫወቻ ሜዳው፣ የመኪና ማቆሚያው፣ ዳክዬ የሚመገብበት ኩሬ ዳር። ሁለቱን ኪሎ ሜትር በ28 ፈንታ በ15 ባልፈው የምከስረው አራት ደቂቃ አይሞላም። ለዚች ብሎ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ኮርሳ ቢኖረውም ባይኖረውም ያው ነው። የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

ደግሞም እገዳው የብስክሌት ዓይነት ላይ ከሆነ ማንን እንደሚያሳልፍ አስቡት። ወፍራም ጎማ ያለው፣ ከኮርሳ በእጥፍ የሚከብድ የኤሌክትሪክ ብስክሌት በእሳቸው ሕግ ሰተት ብሎ ይገባል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ እንኳ የሞተሩ እገዛ የሚቆመው በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። በ15 የምትንፏቀቅ ኮርሳ ተከልክላ በ25 የሚመጣ ከባድ ብስክሌት ሊፈቀድ ነው። ልኩ ፍጥነት ላይ ይሁን፤ ለሁላችንም።

ቦታ ካለ ደግሞ መለየት ይቻላል። አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ውስጥ የቼሪ ክሪክን ጅረት ተከትሎ የሚሄደው መንገድ መሀል ከተማው ላይ ለሁለት ይከፈላል። እግረኛው በአንዱ ዳር፣ ብስክሌተኛው በሌላው ዳር፤ ውሃው በመካከላቸው። እንዲህ ያለ ዕድል ሁሉም ቦታ የለም፤ ባለበት ግን ከእገዳ ይሻላል።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ፤ በጣም የምወደው እሱን ነው። «ጅረት ዳር ሜዳ ነው። ሜዳ ላይ ጉልበት አይሠራም። እዚያ የሚነዳ ሰው ተንሸራሻሪ እንጂ ብስክሌተኛ አይባልም።»

ሜዳ ነው ያለው ማን ነው? ውሃ እኮ ሽቅብ አይፈስም። ጅረት አጠገቡ የሚፈስ መንገድ ሁሉ ዘንበል ያለ ነው፤ ዓይን ስለማያየው ብቻ ነው ሜዳ የሚባለው። በየኪሎ ሜትሩ አሥር ሜትር ብቻ ከፍ ይበል፣ ማለትም አንድ በመቶ። ከነብስክሌቱ 85 ኪሎ የሆነ ሰው በሰዓት 25 ለመሄድ ለዚያ ዝንባሌ ብቻ ተጨማሪ 58 ዋት ገደማ ያወጣል። ብዙ ሰው ዘና ብሎ ሲነዳ በጠቅላላው የሚያወጣው ከ100 እስከ 150 ዋት ነው። ስለዚህ ዓይን «ሜዳ ነው» ይላል፣ እግር «ውሸት ነው» ይላል። መሀል ላይ እኛ ነፋሱን እንረግማለን፣ ጎማው ተነፈሰ እንዴ ብለን ወርደን እንነካካለን። ጎማው ደህና ነው። አቀበት ላይ ነን።

ተገላቢጦሹ ደግሞ አለ። ውሃውን ተከትሎ ቁልቁል የጀመረ ሰው ዛሬ እግሬ እንዴት ነው ብሎ ይኮራል። 20 ኪሎ ሜትር እንደ ወፍ ይበራል። ሲመለስ ነው ጉዱ። ስለዚህ ከተቻለ ሁልጊዜ በምንጩ አቅጣጫ መጀመር ነው። ድካሙ በጠዋቱ ያልቃል፣ ወደ ቤት ጅረቱ ያደርሳል።

ሥልጠናን ካነሳን፣ ለጽናት የሚጠቅመው ሳይቆራረጥ፣ እያወሩ መተንፈስ በሚቻልበት ልክ፣ ለረጅም ሰዓት መርገጥ ነው። ዋናው መንገድ ላይ በየመገናኛው መብራት ያስቆማል። ትነሳለህ፣ ትቆማለህ፣ ትነሳለህ። ጅረት ዳር ያለው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ መኪና የሚያልፍበትን ድልድይ በሥሩ ሾልኮ ስለሚያልፍ መብራት የለም። እዚያ ሥር ሲወርዱ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። መንገዱ ዝቅ ብሎ ወዲያው ጉብ ይላል። ከመውረድህ በፊት ማርሽ ያልቀነስክ እንደሆነ ጉብታው ላይ ከነከባዱ ማርሽ ትገተራለህ። ጫማህ ፔዳሉ ላይ የሚቆለፍ ከሆነማ ሰው እያየህ በጎንህ መውደቅ አለ። ደርሶብኛል፤ ዝርዝሩን አልናገርም።

ሙሉ ኃይል አውጥቶ መሽቀዳደም ግን እዚያ ቦታ የለውም። በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ፓርክ ውስጥ የሚሠለጥኑ ሰዎች የሉም ማለታቸው ግን ስሕተት ነው። የኒው ዮርኩ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ዙሪያ መንገድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 መኪና ሙሉ በሙሉ ወጥቶለታል። ጎህ ሲቀድ የኮርሳ ሰዎች እየዞሩ ይሠለጥኑበታል። እውነቱን ለመናገር ያ ሰፊ መንገድ ነው፤ ከጠባቧ የጅረት ዳር መንገድ ጋር አንድ አይደለም። መናፈሻና ሥልጠና ግን የማይታረቁ ጠላቶች አይደሉም።

በነገራችን ላይ፣ ጸሐፊው አንድ ጊዜ «እዚያ መንዳት የሕፃን ጨዋታ ነው» ይላሉ፣ ሁለት አንቀጽ ወረድ ብለው «ቀጭን ጎማ ላለው ሰው እዚያ መንዳት እብደት ነው» ይላሉ። በአንድ አፍ ሁለት ምላስ ሆነብኝ። ወይ ቀላል ነው ወይ ከባድ ነው።

እብደት ያሉት ሦስተኛ ነጥባቸው ነው። ግማሹን እቀበላለሁ። ስለ መንገዱ የተናገሩት እውነት ነው። ስለ ጎማው የተናገሩት ግን ጊዜው አልፎበታል። ድሮ የኮርሳ ጎማ 23 ሚሊ ሜትር ነበር፣ እንደ ድንጋይ እስኪደድር ይነፋ ነበር። ዛሬ 28፣ 30፣ 32ም የሚታሰርባቸው ኮርሳዎች ሞልተዋል። ጎማው ውስጥ የሚሞላው ነፋስም ቀንሷል። ምክንያቱ ምቾት ብቻ አይደለም። ሻካራ መንገድ ላይ በጣም የተነፋ ጎማ አይታጠፍም፤ እያንዳንዷን ጠጠር በዘለለ ቁጥር ብስክሌቱንም ሰውየውንም ያነሳቸዋል። ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ ከእግር የወጣ ጉልበት ነው። ለስለስ ያለ ጎማ ጠጠሯን ይውጣትና ያልፋል። ነገሩ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1888 በነፋስ የሚሞላ ጎማ በስሙ ያስመዘገበው ጆን ቦይድ ደንሎፕ የእንስሳት ሐኪም ነበር። የተነሳውም የልጁን ባለሦስት እግር ብስክሌት ከመንገጫገጭ ለማዳን ነው። ለእሽቅድምድም አልነበረም።

አሁን ወደ ራሱ መንገድ። ጸሐፊው «ሥሩ፣ እንጨቱ፣ ጭቃው» ብለው በአንድ ቃል አልፈውታል። ዋናው ቁም ነገር ግን እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የዛፍ ሥር አስፋልትን ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል። ከአስፋልቱ ሥር እርጥበት ስለሚቆይ ሥሩ እዚያ መሄድ ይወዳል፤ ከዚያ እየወፈረ ያነሳዋል። መንገዱን አቋርጦ የወጣ ጉብታ ሲመጣ ከኮርቻው ትንሽ ከፍ፣ ክርን ላላ፣ መሪውን ቀጥ፤ ያልፋል። አስቸጋሪው እሱ አይደለም። አስቸጋሪው በቁመቱ የተሰነጠቀው ነው። የፊት ጎማ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ከገባ መሪው የአንተ መሆኑ ያበቃል። ስንጥቁን መሻገር ካለብህ ሰፋ ባለ ማዕዘን ተሻገረው እንጂ እየታከክ አትሂድ።

የእንጨት ድልድይም እንደዚያው ነው። ጣውላው አግድም ከተደረደረ ይንገጫገጫል፣ ይጮሃል፣ ምንም አይልም። በቁመት ከተደረደረ ክፍተቱን ተጠንቀቅ። ዝናብ ሲነካው ግን ሁሉም ያው ነው፤ ጥላ ስለሚበዛበት አረንጓዴ ልጋግ የመሰለ ነገር ያበቅልና እንደ በረዶ ያንሸራትታል። ፍጥነት መቀነሱን ከድልድዩ በፊት ጨርስ። ላዩ ላይ አትታጠፍ፣ ፍሬን አትንካ፣ በጉልበት አትርገጥ። እንደተቀመጥክ ተንሸራተህ እለፍ። የረጠበ ቅጠልም ያው ነው።

ጅረቱ ሞልቶ ከወረደ በኋላ ድልድይ ሥር ያለው መንገድ ደለል ይለብሳል። እርጥቡ ይታያል፤ የደረቀው ነው የሚያታልለው። ዱቄት ይመስላል፣ ጎማው ግን አስፋልቱን አያገኘውም። በዚያ ላይ ከፀሐይ ድንገት ወደ ጥላ ስትገባ ዓይንህ እስኪለምድ ለአፍታ ምንም አታይም።

ሌላው መኪና እንዳይገባ መግቢያው ላይ የሚተከለው ምሰሶ ነው። በቡድን ስትነዱ የመጀመሪያው ምሰሶውን ያያል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ጀርባ ያያል። ሦስተኛው ምሰሶውን ያገኘዋል። ስለዚህ የፊተኛው ይጩህ፣ በእጁም ያሳይ። ይህን ሁሉ ስጽፍ ከጸሐፊው ጋር እየተስማማሁ ሊመስል ይችላል። የሳይክል ነገር እንዲህ ነው፤ የትም መንገድ የራሱ ጠባይ አለው። ዋናው መንገድ ላይስ የፍሳሽ ጉድጓዱ ፍርግርግ፣ ድንገት የሚከፈተው የመኪና በር አለ አይደል?

አምስተኛው፣ «አስፋልቱ ጅረቱን ገደለው» የሚለው ነው። በአብዛኛው ልክ ናቸው። አስፋልት ዝናብ አያሰርግም። ፀሐይ ያሞቀውን ውሃ፣ አቧራና ቆሻሻ ይዞ ቀጥታ ወደ ጅረቱ ይለቀዋል። ለማንጠፍ ሲባልም አፈሩን በሥራቸው የያዙት የዳር ተክሎች ይነቀላሉ፤ ዳሩ ይናዳል፣ መንገዱም አብሮ ይናዳል። መንገዱ ከውሃው ራቅ ብሎ፣ መሀሉ ላይ ሰፋ ያለ የሣርና የቁጥቋጦ ቦታ ተትቶ፣ ውሃው ወደዚያ እንዲሄድ ዘንበል ተደርጎ መሠራት አለበት። ጭራሽ ባይነጠፍስ? ሰው መሄዱን አይተውም። አንድ መንገድ በሌለበት አምስት ቀጭን መንገድ ይወጣል፣ ዳሩን ሁሉ እግር ያራቁተዋል። ደግሞም ኮርሳውን ብናስወጣው አስፋልቱ ተከትሎት አይወጣም። ይህ ነጥብ መንገዱን የሚሠሩትን እንጂ እኛን አይመለከትም። ማታ የምናበራውን ኃይለኛ መብራት ወደ መሬት ዝቅ እናድርግ ቢሉ ኖሮ እሺ እል ነበር፤ የሌሊት እንስሳት በዚያ ያልፋሉ፣ ከፊት የሚመጣውም ሰው ዓይን አለው።

ያሳቀኝ አራተኛው ነው። «ደወል ነውር ነው። ሰው በሰላም በሚሄድበት ከኋላው ቅጭል ቅጭል ማድረግ ብልግና ነው። ጨዋ ብስክሌተኛ በዝምታ ያልፋል።»

በዝምታ! በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር፣ ከክርንህ አንድ ስንዝር ርቆ፣ በዝምታ የሚያልፍህን ሰው አስበው። እኔ በእግሬ ስሄድ ልቤ ቀጥ ያለችው በደወለ ሳይሆን ባልደወለ ብስክሌተኛ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብል ኖሮ ሁለታችንም ጅረቱ ውስጥ ነበርን።

ሰዎች የሚጠሉት ደወሉን ሳይሆን ሰዓቱን ነው። ሦስት ሜትር ላይ የሚደወል ደወል ሰው ያዘልላል፣ ያውም ወደ የት እንደሚዘል አይታወቅም። ሃያ ሠላሳ ሜትር ላይ፣ አንዴ፣ ቀለል አድርጎ። ከዚያ ፍጥነት ቀንሶ ሰውየው ምን እንደሚያደርግ ማየት። ካልሰማ ጆሮው ውስጥ ሙዚቃ አለ፤ ደግመህ ከምትደውል ቀስ ብለህ ሰፊ ቦታ ተውለት። ደወል የሌለው ሰው ደግሞ ፔዳል መርገጡን ያቁም። የኋላው ጎማ ጠቅ ጠቅ ማለት ይጀምራል፤ ብዙ ሰው ያንን ይሰማል። ውሻና ባለቤቱ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከቆሙ መሀላቸው ገመድ አለ ብለህ እመን፤ ባይታይህም። ስታልፍ «አመሰግናለሁ» በል። ከደወሉ በላይ የሚታወሰው እሱ ነው።

ከጽሑፉ አንዲት ዓረፍተ ነገር ቀረችኝ። ጸሐፊው ወደ ማብቂያው ላይ «አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ሞክሬው ነበር፣ ሁለተኛ አልመለስም» ይላሉ። እሑድ ረፋድ! ፀሐይ ወጥታ፣ ልጆች አዲስ ብስክሌት ይዘው፣ ቤተሰብ በሙሉ ጎን ለጎን ተደርድሮ በሚሄድበት ሰዓት? እሑድ ረፋድ እኔም አልሄድም። እስቲ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ይሞክሩት። በምንጩ አቅጣጫ ይጀምሩ። ጎማዎን ትንሽ ያላሉት። ድልድዩ ሥር ያለችው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ግን ነውርነቱን ይተውትና ደወልዎን ይደውሉ፤ ከወዲያ በኩል የምመጣው እኔ ልሆን እችላለሁ።